ስልሳ አንድ ለስልሳ

«ወንበር ቁጥር መቶ አሥራ ዘጠኝ።»

«እቃወማለሁ።»

ጸሐፊዋ በግራው ረድፍ ላይ አንድ ጭረት ጨመረች።

«ወንበር ቁጥር መቶ ሃያ።»

«እደግፋለሁ።»

በቀኙ ረድፍ አንድ ጭረት። ስም ጠሪው ውሃ እስኪጎነጭ ድረስ ጭረቶቹን በዓይኗ ሰበሰበቻቸው። ግራው ስልሳ፣ ቀኙም ስልሳ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከላይ ጀምራ እንደገና ወረደች። ስልሳ ለስልሳ። በአዳራሹ ውስጥ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ስድስት ዓመት በዚህች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ቆጠራ እኩል ሲመጣባት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጉዳዩ አጭር ነበር። በዋና ከተማው ሆስፒታል ያሉት አሥራ አራት የኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖች ተነቅለው በአጎራባቹ ክፍለ ሀገር ወደተሠራው አዲስ ሆስፒታል ይሂዱ ወይስ እዚሁ ይቆዩ? «እደግፋለሁ» ያለ ይቆዩ ማለቱ ነው። ከተማዋ ክፍለ ሀገር አይደለችም። የመንግሥት መቀመጫ ናት፤ የራሷ በጀት የላትም፣ ሆስፒታሏም የሚተዳደረው በምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ስለ ማሽኖቹ የሚወስኑት ከአሥራ ሁለት ክፍለ ሀገሮች የመጡ መቶ ሃያ እንደራሴዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሆስፒታሉን የሚያውቁት በመኪና መስኮት ነው። የጸሐፊዋ እናት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ማሽን ቁጥር ስድስት አጠገብ ተጋድማ ትውላለች። አዲሱ ሆስፒታል በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ይርቃል። ደሟ ታጥቦ የወጣች ሴት ሦስት ደረጃ ለመውጣት እንኳ ሰው ትደገፋለች፤ ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት መንገድ ምን እንደሚያደርጋት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ወንበር ቁጥር መቶ ሃያ አንድ።»

የመጨረሻው ወንበር የከተማዋ ነው። የተቀመጡበት ሴትዮ ምክር ቤት ከመግባታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፤ ወዳጅም ጠላትም «ሹፌሯ» ነው የሚላቸው። የከተማዋ ተወካይ ድሮ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ደንቡ ተሻሻለና «ዋና ከተማው ድምፅ አገኘ» ተብሎ በጋዜጣ ወጣ። የዚያን ቀን ሰው ሥራ ፈትቶ በየመንገዱ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ዋለ።

ሹፌሯ ማይኩን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ባያደርጉትም ግድ የለም፤ ሞተር ላይ ሲጮህ የኖረ ድምፅ ነው።

«እደግፋለሁ።»

ጸሐፊዋ በቀኙ ረድፍ ላይ የመጨረሻዋን ጭረት አሰመረች። ወረቀቱን አጥፋ ለስም ጠሪው ሰጠችው፤ ስም ጠሪው ለአፈ ጉባኤው አቀበለ። አፈ ጉባኤው አንዴ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አነበቡት።

«ድጋፍ ስልሳ አንድ፣ ተቃውሞ ስልሳ።»

ሰገነት ላይ የተቀመጠው የከተማ ሰው ባንዴ ተነሣ። ማጨብጨብ ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ከጀርባቸው ተለጥፏል፤ ያየው የለም። ጸሐፊዋ በጠረጴዛው ሥር ስልኳን አውጥታ፣ በሥራ ሰዓት ፈጽሞ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። እናታቸው አጠገብ ለተቀመጠው ወንድሟ «አለፈ። በአንድ ድምፅ» ብላ ላከች። ስልኩን ሳታስቀምጥ የወንበር ቁጥር ሠላሳ ሰባት እንደራሴ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በጠረጴዛዋ በኩል መጡ። የገጠር የከብት ሐኪም ናቸው፤ ገና ከጠዋቱ ለማሽኖቹ እንደሚቆሙ የተናገሩ ሰው።

«የኔ ልጅ፣ አለቀ አይደል?» አሏት ጎንበስ ብለው። «ባቡሬ ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ካመለጠኝ እስከ ሰኞ እዚሁ መቅረቴ ነው።»

«አለቀ ዶክተር። አልፏል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆጠራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ የማውቀው የላም ኩላሊት ነው፤ የሰውም ብዙ አይለይም» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት በጎን በር ወጡ።

የሰገነቱ ጫጫታ ገና አልበረደም። ከተቃወሙት እንደራሴዎች መካከል ያለው ጠበቃ ቆሞ ሁለት ጣቱን ሲያነሣ ጸሐፊዋ ለማመስገን መስሏት ነበር። ስሙን ሁሉም ትቶታል፤ «አቶ አንቀጽ» ነው የሚባለው። እንደ መሐረብ በኪሱ ይዞት የሚዞረውን የአሠራር ደንብ ገለጠ።

«ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንቀጽ አርባ አንድ፣ ንዑስ አንቀጽ ሦስት።»

«ይነበብ።»

«የዋና ከተማው ተወካይ የሰጠው ድምፅ ውጤቱን የሚለውጥ ሆኖ ሲገኝ፣ ድምፁ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ፣ ድምፅ አሰጣጡ ያለ ተወካዩ ተሳትፎ ወዲያውኑ ይደገማል።»

አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው የሰማውን በውስጡ መልሶ ያነበው ጀመር። ጸሐፊዋ ግን መልሳ ማንበብ አላስፈለጋትም። ቃላቱን ታውቃቸዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ እጇ ነው የተየበቻቸው፤ «ወዲያውኑ» የሚለው ተገድፎ ኖሮ እሷ ናት ያረመችው። ስለ ዕረፍት ሰዓት ርዝመት ከሚናገረው ንዑስ አንቀጽ በላይ ተቀምጦ ነበር። ሰባ ገጽ በሁለት ቀን አድርሺ ተብላ፣ ጣቷ እየሮጠ፣ ጭንቅላቷ ቤቷ ሆኖ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ድምፅ የተለያየ ጉዳይ አልገጠመም፤ የሹፌሯ ድምፅ በየስብሰባው ተቆጥሯል፣ በየቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። ማን ይጠረጥራል?

አፈ ጉባኤው ወደ ሕግ አማካሪያቸው ዞሩ። አማካሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይደገማል» አሉ አፈ ጉባኤው። ደስ ያላቸው አይመስሉም። እሳቸው ድምፅ የሚሰጡት እኩል ሲመጣ ብቻ ነው፤ ጠዋት ለጋዜጠኞች «እኩል ከሆነ ማሽኖቹ ይቆያሉ» ብለዋል። እንግዲያው ያለ ሹፌሯም ስልሳ ለስልሳ ነው፤ አፈ ጉባኤው ይጨርሱታል። ጸሐፊዋ ይህን አስባ ትንፋሿን መለሰች። አዲስ ወረቀት አነጠፈች። ሁለት ረድፍ አሰመረች። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ባዶው ወንበር ላይ ያረፈው።

ተነሥታ መሮጥ ነበረባት። ጸሐፊ ስም በሚጠራበት ሰዓት ከጠረጴዛዋ አትነሣም። ስም ጠሪውን በክርኗ ነካችው፤ «ምን ሆነሻል?» በሚል ዓይን አያት እንጂ አላቆመም። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። እጇ ጭረቱን ይጥላል፤ ጆሮዋ የባቡሩን ጩኸት የሰማ ይመስላታል። ጣቢያው ሩቅ ነው፤ የሚሰማ ነገር የለም።

«ወንበር ቁጥር ሠላሳ ሰባት።»

ስም ጠሪው አንገቱን አቀና።

«ወንበር ቁጥር ሠላሳ ሰባት።»

«ወጥተዋል» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ድጋፍ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ተቃውሞ ስልሳ። አፈ ጉባኤው ውጤቱን ያነበቡት ቀና ሳይሉ ነበር። ሰገነቱ ላይ የቆመው ሰው እንደቆመ ቀረ፤ ይቀመጥ፣ ይውጣ፣ ይጩኽ አላወቀም። አንዲት ሴት እጆቿን ለጭብጨባ እንደያዘቻቸው ነበሩ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አይታቸው ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ዳግም ቀና ማለት አልቻለችም።

ኮሪደሩ ላይ ሹፌሯን ውሃ መቅጃው አጠገብ አገኘቻቸው። ብርጭቆው ሞልቶ በጣታቸው ላይ ይፈስሳል፤ ቧንቧውን አልዘጉትም። እሷ ዘጋችላቸው።

«ታውቂው ነበር?» አሏት።

«የተየብኩት እኔ ነኝ እትዬ። ግን አላየሁትም።»

«እኔ ደግሞ ፈርሜበታለሁ።» ብርጭቆውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሙሉ መሪ ይዤ ነበር የመሰለኝ። ለካ መሪው ከጎማው ጋር አልተያያዘም። የኔ ድምፅ የሚቆጠረው ለውጥ የማያመጣ ሲሆን ነዋ።»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ቆይ፣ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ስንት ለስንት ነበር?»

ጸሐፊዋ የተዘጋውን ቧንቧ እንደገና አጠበቀች።

«አንቺን እኮ ነው።»

«ስልሳ ለስልሳ።»

«ስለዚህ ዝም ብል...» አሉና አቆሙ። «አትንገሪኝ። አይ፣ ንገሪኝ።»

«አፈ ጉባኤው ይወስኑ ነበር። ያልፍ ነበር።»

ሹፌሯ ግድግዳውን ተደገፉ። በዚህ ዕድሜያቸው ሰው ፊት ተደግፈው የሚታዩ ሴትዮ አይደሉም። ግማሽ ሚሊዮን ሰው የመረጣቸው «እደግፋለሁ» እንዲሉ ነው፤ አሉ፤ በማለታቸውም ድምፅ አሰጣጡ ተደገመ። ጥቂት ቆይተው ሳቁ፤ ሳቁ ደረቅ ነበር።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼ አንድ ሰው አልገጨሁም። ዛሬ በአንድ ቃል አሥራ አራት ማሽን።» መሐረብ አውጥተው ጣታቸውን ጠረጉ። «ያ የከብት ሐኪምስ ምን ቆርጦት ወጣ? ማነው ሂድ ያለው?»

«ያለቀ መስሏቸው ነው» አለች ጸሐፊዋ። ውሸት አልነበረም። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ዋጠችው።

«መስሎት ከሆነ አይረዳኝም። ሰው አሳስቶት ከሆነ ግን ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው አቤት እላለሁ። አባል በተሳሳተ መረጃ ከአዳራሽ ከወጣ ድምፁ ይደገም ማለት ይችላሉ። ሦስት ቀን አለኝ። ግን በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያው ቆጠራ፣ ሰውየው እዚያ እንደነበረ፣ ለምን እንደወጣ። ያንን ጽፈሽ ትሰጪኛለሽ?»

«እሺ እትዬ።»

«ፈርመሽ ነው። ያልተፈረመውን ወዲያ ነው የሚጥሉት።»

«እሺ» አለች እንደገና። «እሺ» ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሷን አስደነገጣት።

ቢሮ ስትገባ አለቃዋ ኮምፒዩተሯ አጠገብ ቆመው ይጠብቋታል። ጡረታቸው ስምንት ወር የቀረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሌሎቹ ሁለት ጸሐፊዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ይተይባሉ፤ ወይም የሚተይቡ ያስመስላሉ።

«የመጀመሪያውን ቆጠራ ሰርዢው» አሏት። «ደንቡ እንዳልተሰጠ ተቆጥሮ ነው የሚለው። ያልተሰጠ ድምፅ በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም።»

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሰው ሰምቶታል እኮ።»

«ሰው የሰማው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ከሆነ እኔና አንቺ ለምን ተቀጠርን?»

«ሹፌሯ አቤት ሊሉ ነው።»

«ይበሉ። መብታቸው ነው።» በሩን መለስ አድርገው ተጠጓት። «በጎን በሩ አጠገብ ነበርኩ። ለዶክተሩ ያልሽውን ሰምቻለሁ።»

ጸሐፊዋ ወንበሯን ይዛ ቆመች።

«ሠራተኛ ስለ ድምፅ አሰጣጥ ለእንደራሴ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። እንደሚያስባርር ታውቂያለሽ። አንቺ ስትወጪ እናትሽ የምትታከምበት የሠራተኛ ካርድሽ ይቆማል፤ ካርድሽ ሲቆም እናትሽን ማሽኑ እዚህም ሆነ እዚያ አይመለከታትም። የመጀመሪያው ቆጠራ ከተሰረዘ ግን ሰውየው ጭራሽ አልነበረም፤ የነገረውም የለም። ገባሽ? ላንቺው ብዬ ነው ልጄ።»

«ገብቶኛል ጋሼ።»

«እኔ ልፈርም፣ ቀጥሎ አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ ቤታችን እንገባለን።» ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው፤ ነገሩን የባሰ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

እንደወጡ ስልኳ ጮኸ። ከወንድሟ ሦስት ጊዜ ተደውሎ ኖሯል፤ አንድ ቪዲዮም አለ። ቪዲዮውን ከፈተችው። በሁለት ረድፍ የተጋደሙ ሰዎች በአንድ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ ያጨበጭባሉ፤ ሌላው እጃቸው ላይ መርፌ አለ። ሳትጨርሰው ዘጋችውና ደወለች። ወንድሟ ያነሣል ስትል እናቷ አነሣች።

«የት ጠፋሽ? እኛ እዚህ ስናጨበጭብ አጠገቤ ከተኛው ልብስ ሰፊ ክንድ ላይ መርፌው ሊነቀል ነበር። ነርሷ የቁጣ መዓት ነው ያወረደችብን።»

«እማዬ፣ ተደገመ።»

«ምኑ?»

«ድምፁ። የሹፌሯ አልተቆጠረም።»

«ለምን?»

«ስላሸነፈ።»

ማሽን ቁጥር ስድስት ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም ሲል ተሰማት።

«አልገባኝም» አለች እናቷ።

«ማንም አልገባውም። የሳቸው ድምፅ ካልወሰነ ይቆጠራል፣ ከወሰነ አይቆጠርም። ደንብ ነው። ሲደገም ወደቀ።»

«እና ይወስዷቸዋል? ማሽኖቹን?»

«አዎ።»

ጸሐፊዋ ልቅሶ ትጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ንዴት ነው። «ልብስ ሰፊው እዚህ አጠገቤ ለሚስቱ ደውሎ እየነገራት ነው። ይስቃል። ምን ልበለው? ጭብጨባህን መልስ ልበለው?»

«እማዬ፣ ሌላም አለ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ደጋፊ እንደራሴ አለቀ ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ አለቀ አልኳቸው፣ ሄዱ። እሳቸው ቢኖሩ ባልወደቀ።»

«ምን አልሽ?»

«አለቀ አልኳቸው።»

«ማሽኑ ይጮኻል፣ አልሰማሁሽም። ለምንድነው የምታንሾካሹኪው?»

«ሰው አለ እማዬ።»

«ሰው ቢኖርስ? ሰርቀሻል እንዴ?»

«አልሰረቅኩም።»

«እንግዲያው አውሪ።»

ጸሐፊዋ ሁለቱን ባልደረቦቿን አየቻቸው። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ እንደተዘረጋ ቆሟል። «ሰውየውን እኔ ነኝ ይሂዱ ያልኳቸው» አለች፣ ልክ ሹፌሯ «እደግፋለሁ» እንዳሉት ጮክ ብላ። «ባላውቅም እኔ ነኝ። ከጻፍኩት ይደገም ሊሉ ይችላሉ። ከሥራ ሊያስወጡኝም ይችላሉ። ካወጡኝ ካርዱ ይቆማል።»

«የማን ካርድ?»

«ያንቺ።»

ከእናቷ በስተኋላ የልብስ ሰፊው ሳቅ ይሰማል፤ አሁንም አልተነገረውም።

«ነርሷ መጣች» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ልትነቅለኝ ነው። እቤት ስትመጪ እናወራለን።» ስልኩ ተዘጋ። አድርጊውም አላለች፣ ተዪውም አላለች። ጸሐፊዋ አንድ ሰው ይህን ከላይዋ ላይ ያነሣልኛል ብላ ጠብቃ እንደነበር የገባት አሁን ነው፤ በራሷ አፈረች።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አለቃዋ ያሉትን ብታደርግ አንድ አንቀጽ መሰረዝ ነው፤ ሁለት ሰከንድ። ከሁለት ዓመት በፊትም እንዲህ ነበር፤ አድርሺ ሲሏት አደረሰች። ያቺ አንቀጽ በእጇ ስታልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብላ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብትል ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ ከዚያ ተወችው። «ኖሮ» አሁን ለማንም አይጠቅምም።

የመጀመሪያውን ቆጠራ ባለበት ተወችው። ከሥሩ ጨመረች፦ «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ድጋፍ ሰጥተው የነበሩት የወንበር ቁጥር ሠላሳ ሰባት እንደራሴ፣ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ድምፅ አሰጣጡ ተጠናቋል ብላ ስለነገረቻቸው ከአዳራሽ ወጥተዋል። ይደገማል የተባለው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው።» አነበበችው። የሚታረም ፊደል ፈለገች፤ አላገኘችም።

ሁለት ቅጂ አተመች። ሁልጊዜ የሚፈርሙት አለቃዋ ቀድመው ነው፤ የሳቸው ፊርማ ከሌለ እሷ ብዕር አታነሣም። ሕግ አይደለም፤ ልማድ ነው። የላይኛውን መስመር ባዶ ትታ በታችኛው ላይ ፈረመች፤ በሁለቱም ላይ። አንዱን አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ፣ ሲገቡ በሚያዩት በኩል አስቀመጠች።

«ወዴት ነሽ?» አለቻት አንዷ ባልደረባዋ ማዳመጫዋን አውልቃ።

«ሹፌሯ ጋ።»

«ጋሼ ሳያዩት?»

«አስቀምጬላቸዋለሁ፤ ያዩታል» አለችና፣ ሊፍቱን ሳትጠብቅ፣ የፊርማውን ቀለም በአፏ እየነፋች ደረጃውን ወረደች።